የኮምፒውተር ጥያቄዎቻችሁ፦ ስናፕሾት ይሻለኛል ወይስ ኢሜጅ?

በዚህ ወር ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው። ኮምፒውተር ሲበላሽ ሁሉን ነገር ከዜሮ ከመጫን የሚያድን ሶፍትዌር የትኛው ነው? አራቱን መርጬ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ሥራ ቤት አለኝ። ሁለት ዴስክቶፕና አንድ ላፕቶፕ አለን። ደንበኛ ይዞት በሚመጣው ፍላሽ ቫይረስ እየገባ በየጊዜው ፎርማት አስደርጋለሁ። ከዚያ ፓወር ግዕዝ፣ ፎቶሾፕ፣ የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨር እንደገና እስኪጫን ቀኑ ያልቃል። አንዱ ባለሙያ ሮልባክ አርኤክስ አስጭኚ ይለኛል። ሌላው አክሮኒስ ነው የሚያዋጣሽ ይላል። የማንን ልስማ?
*የሥራ ቤት ባለቤት፣ ከደሴ*

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። ሁለቱም ያሉዎት ልክ ነው። ግን እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለተለያየ አደጋ ነው።

ሮልባክ አርኤክስ የስናፕሾት ፕሮግራም ነው፤ ስናፕሾት ማለት ማሽኑ በአንድ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ መያዝ ነው። ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሳ ትንሽ ክፍል አለው። ዲስኩ ላይ ምን የት እንደተጻፈ ካርታ ይይዛል። ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ አንድ ስናፕሾት ቢይዙ ሴኮንዶች ቢፈጅ ነው፤ ምንም ነገር አይገለብጥምና። የዚያን ሰዓቱ ሁኔታ እንዳይነካ ያጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሌላ ቦታ ላይ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ የሆነ ፍላሽ ገብቶ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቢቀር፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱና ገና ሲነሳ ሆም የምትለዋን ቁልፍ ይጫናሉ። የጠዋቱን ይመርጣሉ። ዊንዶውስ ራሱ አልነሳም ቢል እንኳ ይሠራል። ወረፋ የያዘው ደንበኛ ሳይሄድ ማሽኑ የጠዋቱ ይሆናል።

ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ሸጋ ነገር ነው። ችግሩ ስናፕሾቱ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ መሆኑ ነው። የቤት መለዋወጫ ቁልፍን ከዋናው ጋር በአንድ ቀለበት እንደማንጠልጠል ነው። ዲስኩ የሞተ ዕለት ስናፕሾቱም አብሮ ይሄዳል። ማሽኑ ከተሰረቀም እንደዚያው።

ወደ ጥገና ቤቴ የሚመጡ ሰዎች ፊታቸው የሚጠቁረው በቫይረስ ምክንያት አይደለም። ቫይረስ መላ አለው። የሚከፋው «ዲስኩ አይነበብም» ስላቸው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ እንደገና ሲሄድ፣ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ብዙ አይታገስም። ይሄን የሚመክተው ኢሜጅ ነው። ኢሜጅ ማለት ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ድራይቨሮቹን፣ ቅንብሩን፣ ፋይሉን፣ ዲስኩ የሚነሳበትን ትንንሽ ፓርቲሽን ሳይቀር ባንድ ላይ ጠቅልሎ ሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው። አክሮኒስ የሚሠራው ይሄን ነው። አዲስ ዲስክ ገዝተው ይገጥማሉ፤ ኢሜጁን ይመልሱበታል፤ ፓወር ግዕዝዎም ፕሪንተርዎም እንደነበሩ ተነስተው ያገኟቸዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መጀመሪያ ኢሜጅ። ስናፕሾት ከፈለጉ ከዚያ በኋላ። ኢሜጅ የሌለው ሰው ስናፕሾት ብቻ ይዞ እንዲቀመጥ አልመክርም። ስናፕሾት ስላለው ልቡ ያርፋል፤ ኢሜጅ የመያዙን ነገር ነገ ነገ እያለ ይተወዋል።

ሁለቱን አብሮ ለሚጠቀም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ሮልባክ ዲስኩን የሚያነበው በራሱ ካርታ ነው። ከፍላሽ ተነስቶ ኢሜጅ የሚወስድ ፕሮግራም ያንን ካርታ አያውቀውም። ስለዚህ የሚወስደው የዛሬውን ሁኔታ ላይሆን ይችላል። ሮልባክ የተጫነበት ማሽን ላይ ኢሜጅ የሚወሰደው ዊንዶውስ ተነስቶ፣ ከውስጥ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና ንጹሕ እያለ ኢሜጁን መውሰድ፣ ሮልባክን ከዚያ መጫን ነው። ኢሜጅ የሚመልሱበት ቀን ሲመጣም ስናፕሾቶቹ እንደሚጠፉ አስቀድመው ይወቁት።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። አክሮኒስ ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ግን በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የሌለው ሰው እንዴት ብሎ ይከፍላል? «ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ) አለኝ፣ ልጫንልሽ» የሚል አይጠፋም። እባክዎ አይቀበሉት። የመጨረሻ መሸሸጊያዎ የሚሆነውን ፕሮግራም ማን እንደነካካው ከማይታወቅ ቦታ አምጥቶ መጫን ከቫይረሱ ይብሳል። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት ቫይረሶች ከሚገቡባቸው በሮች አንዱ እኮ ይሄው ክራክ ነው።

ማክሪየም ሪፍሌክት ለዓመታት ነጻ እትም ነበረው፤ ብዙዎቻችን በእሱ ሠርተናል። ነጻው እትም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቆሟል። ፍላሻቸው ላይ ኖርተን ጎስት ይዘው የሚዞሩ ባለሙያዎችም አሁን ድረስ አሉ። ጎስት በዘመኑ ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ሲማንቴክ እ.ኤ.አ. በ2013 ሽያጩን አቁሟል። ለአሁን ዘመን ማሽንና ዲስክ አልመርጠውም። ዊንዶውስ ውስጥ «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር (ዊንዶውስ 7)» የሚል አለ፤ እሱም ኢሜጅ ይወስዳል። ማይክሮሶፍት ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ማሻሻል እንደሚተወው አስታውቋል። ሲመልሱም አመለኛ ነው፤ አዲሱ ዲስክ ከድሮው ትንሽ ካነሰ እሺ አይልም።

ያለ ክፍያ ከሚገኙት ውስጥ እኔ የምመርጠው ሁለት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ለሚሠራ፣ በየሳምንቱ ራሱ እንዲወስድ ለሚፈልግ፣ ሃስሊዮ ባክአፕ ስዊት። ሥራው ግልጽ ነው፤ ነጻው እትም ሙሉውንም ሆነ ከባለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይወስዳል፤ የማስነሻ ፍላሽም ይሠራልዎታል። ቪም ኤጀንት የሚባለውም ነጻ እትም አለው፤ የታመነ ነው፤ ለጀማሪ ግን ትንሽ ይከብዳል። ሁለተኛው ክሎንዚላ ነው። ታይዋን ውስጥ የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የማይጫን፣ ከፍላሽ የሚነሳ።

የክሎንዚላ መልኩ ያስፈራል። ማውስ የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ግራጫ ሳጥን ይመጣል፤ በቀስት ቁልፍና በኢንተር ነው የሚሄዱት። ግን ጥያቄዎቹ ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዴ ከለመዱት እጅ ራሱ ያውቀዋል። «ዲቫይስ-ኢሜጅ» ይላሉ። ቀጥሎ «ሎካል ዴቭ» ይመርጡና ኤክስተርናሉን፣ ማለትም ኢሜጁ የሚቀመጥበትን የውጭ ዲስክ፣ ይሰኩታል። «ሴቭዲስክ» ይላሉ። ለኢሜጁ ስም ይሰጡታል፤ ቀኑን ስሙ ውስጥ ያስገቡ። መጨረሻ ላይ ኢሜጁ መመለስ የሚችል መሆኑን ልመርምር ወይ ሲል እሺ ይበሉት፤ ጊዜ ይፈጃል ብለው አይዝለሉት።

ቆም ብለው ማየት ያለብዎት ቦታ አንድ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዲስክ ተዘርዝሮ ይመጣል። የማሽኑ ዲስክና የእርስዎ ኤክስተርናል። ስማቸው «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» ዓይነት ነው፤ ለሰው ምንም አይነግርም። ጎናቸው ላይ ግን መጠናቸውና የፋብሪካ ስማቸው ይጻፋል። 500 ጊጋው የማሽኑ፣ 1 ቴራው ኤክስተርናሉ ነው ብለው ጣትዎን አድርገው ያረጋግጡ። በተለይ ሲመልሱ! «ሪስቶርዲስክ» ብለው የተሳሳተ ዲስክ ከመረጡ እዚያ ዲስክ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ የሚጠይቀው በምክንያት ነው። እያነበቡ ይመልሱ። ይሄ ሁሉ ከከበደዎት ሬስኪውዚላ የሚባል አለ። የክሎንዚላን ኢሜጅ ይረዳል፤ በማውስም ይሠራል።

ስለ ጊዜው ላንሳ። ሲ ድራይቭዎ 60 ጊጋ ቢሞላ ኢሜጁ ተጨምቆ 40 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ኤክስተርናሉን ዩኤስቢ 2 ላይ ከሰኩት በሴኮንድ 30 ሜጋ ገደማ ነው የሚሄደው፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ከሆነ በብዙ ይፈጥናል። ዴስክቶፖቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ) ላይ መሆን አለባቸው። ኢሜጅ ሲወሰድ መብራት ቢሄድ ያ ኢሜጅ ነው የሚበላሸው፤ ደግመው ይወስዳሉ። ሲመለስ መብራት ከሄደ ግን ማሽኑ ላይ የነበረውም የለም፣ አዲሱም አልገባም። ኢሜጁ ደህና ስለሆነ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ግን ደንበኛ ተሰልፎ እያለ ልብ ያወልቃል።

ሌላው ቀርቶ ኤክስተርናሉ የተደረገበት ፎርማትም ልዩነት አለው። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ ያድርጉት።

መቼ ይወሰድ? የመጀመሪያው ኢሜጅ የሚወሰደው ባለሙያው ፎርማት አድርጎ፣ ሁሉን ጭኖ፣ ፕሪንተሩ የሙከራ ገጽ አትሞ፣ ፓወር ግዕዝ «ሀ ሁ» ብሎ ሲጽፍ ካዩ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው የደንበኛ ፍላሽ ከመሰካቱ በፊት። ለፎርማት ሲከፍሉ ይሄን የሥራው አካል አድርገው ይጠይቁት። «ኢሜጁን ሳትሰጠኝ አትሄድም» ይበሉት። ሁለቱ ዴስክቶፖች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ለእያንዳንዱ የየራሱን ይያዙ፤ ላፕቶፑም የራሱ ይኖረዋል።

ከዚያ ይሞክሩት። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። የፕሮግራሙ ስም አክሮኒስም ይሁን ሃስሊዮ፣ ዋናው ነገር የማስነሻ ፍላሹ በእርስዎ ማሽን ላይ መነሳቱ ነው። ዴል ከሆነ ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ይጫኑና ፍላሹን ይምረጡ። ይነሳል? ኤክስተርናሉን ያያል? ኢሜጁን በስሙ ያሳያል? እዚያ ድረስ ሄደው መመለስ ምንም አያበላሽም። አሮጌ ትርፍ ዲስክ ካለ ደግሞ እሱ ላይ መልሰው ይሞክሩት። አንዳንዱ ማሽን ውስጥ ያለውን ዲስክ የማስነሻ ፍላሹ ጭራሽ አያየውም፤ ድራይቨር ይጎድለዋል። ያንን ማወቅ ያለብዎት ዛሬ ነው። ፕሮግራም ስመርጥ እኔ የምመዝነው በዚህ ነው፤ በዚያ ማሽን ላይ ሳይጨናነቅ የሚመልሰው የትኛው ነው? የመውሰዱ ሥራ ለሁሉም ቀላል ነው።

የመጨረሻው ነገር ማስቀመጫው ነው። ኤክስተርናሉ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይኑር። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል፤ ኢሜጁንም አይምርም። ሥራው ሲያልቅ ይንቀሉት። ሱቅ ውስጥም አይደር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረቱ የተዘረፈበት ሰው እዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ነው። ኮምፒውተሩን የወሰደ ሰው መሳቢያውን ሳይከፍት አልሄደም። ዲስኩ ቤት ይደር፤ ቢቻል ሁለተኛ ቅጂ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ተመሳሳይ ዴል ዴስክቶፖች አሉን። ተማሪዎች ቅንብሩን ይለውጣሉ፣ ጌም ይጭናሉ፣ ፕሮግራም ያጠፋሉ። ሰኞ ያስተካከልኩት ረቡዕ ላይ የለም። ሁሉም ላይ ስናፕሾት ልጫን ይሆን?
*መምህር፣ ከሐይቅ*

መልስ፦ መምህር፣ ለእርስዎ የሚሻለው ሲጠፋና ሲበራ በራሱ ወደ ነበረበት የሚመለስ ዓይነት ነው። በየማሽኑ እየዞሩ ስናፕሾት መምረጥ ጊዜዎን ይበላዋል። ዲፕ ፍሪዝን ያውቁት ይሆናል፤ በኢንተርኔት ቤቶች የታወቀ ነው፤ በክፍያ ነው። ሪቡት ሪስቶር አርኤክስ የሚባለው ደግሞ የሮልባክ ሠሪዎች ያወጡት ነው፤ ነጻ እትምም አለው። ሁለቱም ተማሪው ያደረገውን ሁሉ ሪስታርት ሲደረግ ያጠፉታል።

ያደረገውን ሁሉ ስል ግን የቤት ሥራውንም ጨምሮ ነው። ስለዚህ ሲ ድራይቭን ብቻ ይቆልፉ። ዲ ክፍት ይሁን፤ ተማሪው የሚያስቀምጠው እዚያ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው፤ ግድግዳ ላይም ይለጥፉት። ዲ ክፍት ስለሆነ ቫይረስ እዚያ ሊተርፍ ይችላል፤ በየሳምንቱ ይፈትሹት። የዲፕ ፍሪዝ ፓስወርድ ደግሞ በእርስዎ ጭንቅላት ብቻ አይቀመጥ። መምህሩ ሲዛወር ፓስወርዱ አብሮት የሄደበት ላቦራቶሪ አውቃለሁ፤ ማንም ምንም መጫን አቅቶት ቆይቷል። ርእሰ መምህሩ ጋ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ።

መቆለፉ ከዲስክ ሞት አያድንም፤ ከመቆለፉ በፊት ኢሜጅ ይያዙ። ማሽኖቹ ተመሳሳይ መሆናቸው ትልቅ ዕድል ነው። አንዱን አሳምረው ያዘጋጁት፤ ስም እንዳይጋጭ ሲስፕሬፕ በሚባለው የዊንዶውሱ የራሱ መሣሪያ ጨርሰው ያጥፉት፤ በክሎንዚላ ኢሜጁን ይውሰዱ። ያ አንድ ኢሜጅ ለሁሉም ይሆናል። ስዊችና ኬብል ካላችሁ ክሎንዚላ ላይት ሰርቨር በሚለው መንገድ ለብዙ ማሽን ባንድ ጊዜ በኔትወርክ ይልካል። ከሌላችሁም በፍላሽና በኤክስተርናል አንድ በአንድ ይሄዳል። ቀስቱንና ኢንተሩን የሚያውቁ ሁለት ጎበዝ ተማሪዎችን ያሰልጥኑ፤ ለእነሱም ትምህርት ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ የስናፕሾት ፕሮግራም ተጭኖልኛል። ዓርብ ዕለት ማሽኑ ሲያስቸግረኝ ወደ ማክሰኞ መለስኩት። ማሽኑ ደህና ሆነ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ያስገባሁት የፒችትሪ ሒሳብ ግን የለም። የት ሄደ?
*የሒሳብ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ስናፕሾትም ኢሜጅም ሥርዓቱን ከሒሳቡ ለይተው አያዩም። ፒችትሪ ሒሳቡን የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ሲ ማክሰኞ ሲሆን ሒሳቡም ማክሰኞ ይሆናል።

ተስፋ አለ፤ ግን ይህን እንዳነበብክ ማሽኑ ላይ መሥራት አቁም። የስናፕሾት ዝርዝሩን ክፈት። ከማክሰኞ በኋላ፣ ረቡዕ ወይ ሐሙስ ወይም ልትመልስ ስትል የተያዘ ሌላ ስናፕሾት ካለ፣ ሮልባክን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሳትመለስ ያንን ስናፕሾት ከፍተህ ፋይል እንድታወጣ ይፈቅዳሉ። የድርጅቱን የፒችትሪ ፎልደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ቅዳው። የምታውቀው ካልሆነ ባለሙያ አጠገብህ ይኑር፤ የስናፕሾት ዝርዝሩን ግን ማንም «ላጽዳው» ቢልህ እንዳትፈቅድ።

ወደፊት ቀን ሲያልቅ ፒችትሪ ውስጥ ፋይል፣ ከዚያ ባክአፕ በል። ፒቲቢ የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል ይሰጥሃል። ቀኑን ስሙ ላይ ጻፍና ፍላሽ ላይ አድርገው። ማሽኑን ወደ ፈለግከው ቀን መልሰህ የዛሬውን ሒሳብ ከዚያ ታስገባለህ።

የዊንዶውሱ ሲስተም ሪስቶር ጠባዩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ ሚሌኒየም ጋር የመጣ ነው። የሲስተም ፋይሎችን፣ ድራይቨርንና የተጫኑ ፕሮግራሞችን ነው የሚመልሰው፤ ሰነድህን አይነካም። ድራይቨር ተጭኖ ማሽኑ ላስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው። ብዙ ማሽን ላይ ጠፍቶ ስለሚገኝ እሱ ራሱ በርቶ መሆኑን አረጋግጥ። ነገር ግን ቫይረስን ለማስወጣት አትመካበት፤ ዲስክ ሲሞትም አይረዳህም።

ጥያቄ፦ ወልድያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ቤተሰብ ገዝቶልኛል። ዲስኩ 512 ጊጋ ነው፤ የሞላው 90 ብቻ ነው። በክሎንዚላ ኢሜጅ ልወስድ ስል ግን ኢሜጁ እያደገ ኤክስተርናሌን ሞልቶ ቆመ። ምን አጥፍቼ ነው?
*ተማሪ፣ ከወልድያ*

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም። ዲስክህ በቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን በሚቆልፈው የዊንዶውሱ የራሱ ፕሮግራም፣ የተመሰጠረ ይመስለኛል። አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ሳይጠይቅ ራሱ የሚበራበት ጊዜ ብዙ ነው። ክሎንዚላ ከውጭ ሲያየው የቱ ቦታ የሞላ የቱ ባዶ እንደሆነ መለየት አይችልም። ስለዚህ 512ቱንም ይቀዳል። የተመሰጠረ ነገር ደግሞ አይጨመቅም።

መፍትሔው ዊንዶውስ ተነስቶ እያለ ከውስጥ መውሰድ ነው፤ በሃስሊዮ ወይም በቪም። ከውስጥ ዲስኩ ክፍት ስለሆነ የሞላውን 90 ብቻ ይወስዳሉ። እንዲህ የተወሰደ ኢሜጅ ግን ራሱ አልተመሰጠረም፤ ኤክስተርናልህ ሰው እጅ ከገባ ይነበባል። ፕሮግራሙ ለኢሜጁ ፓስወርድ ላድርግበት ወይ ካለህ አድርግበት። ኢሜጁን ከመለስክ በኋላም ቢትሎከርን ራስህ እንደገና ማብራት ይኖርብሃል።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግ። ማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ገብተህ የቢትሎከር ሪከቨሪ ኪ የሚለውን ፈልግ። 48 አኃዝ ነው። ወረቀት ላይ ገልብጠው፤ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አታድርገው። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ቅንብር) ሲነካ ወይም ከፍላሽ ሲነሳ ላፕቶፑ ያንን ቁጥር ሊጠይቅህ ይችላል፤ የዚያን ሰዓት ኢሜይልህን የምትከፍትበት ሌላ ማሽን ላይኖርህ ይችላል።